ዳሱ የት ይጣል?



ጥር 11 ቀን የጌታችን ጥምቀት ከተከበረ በኋላ በማግሥቱ፣ ጥር 12 ቀን፣ ቃና ዘገሊላ ይከበራል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ተአምሩ የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን ነበር። አባቶች ግን የውኃውን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማያያዝ ሲሉ ከጥምቀት አጠገብ እንዲውል ሥርዓት ሠርተዋል። በትውፊት ዶኪማስ እየተባለ የሚጠራው ደጋሽ ሠርጉን ደግሶ፣ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ፣ ድግሱ እኩል ላይ ሳይደርስ መጠጡ አለቀበት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው በዚያ ቤት 6 የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዙ ነበር። በዛሬው ልኬት ሲሰላ ከ450 ሊትር በላይ መሆኑ ነው። ይህን ያህል መጠጥ ያስፈለገው ሠርግ በጥቂት ሰው የተወሰነ እንዳልነበረ ማንም ደግሶ የሚያውቅ ሰው ይገነዘባል። እንግዲህ ከተጠበቀው በላይ የመጣ ታዳሚና የተጨነቀ ደጋሽ የዛሬ ነገር አይደለም።

በዚህ ሰሞን በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ኢየሱስና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጁን የሚድር አባወራ ሁሉ በዚሁ ጭንቀት ውስጥ ነው። ሙሽራይቱ ታጭታለች፤ ጥሎሹ ተነጋግሮ አልቋል፤ ጌሾው ተወቅጧል። ያልተቋጨው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው የት እናስቀምጠው?

ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው በመጀመሪያ የጊዜው ማጠር ነው። በጾም ወቅት ሠርግ ስለማይደገስ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ጥምቀትን አሳልፎ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ክፍተት ይድራል። ይህ ክፍተት ደግሞ በየዓመቱ እኩል አይደለም። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀን አይቀድምም፤ ከየካቲት 21 ቀንም አያልፍም። ዐቢይ ጾም ከዚያ በ14ኛው ቀን ስለሚገባ ወይ በየካቲት 1፣ ወይ እስከ መጋቢት 5 ባለው ቀን ይውላል። ጾሙ እጅግ በቀደመበት ዓመት ከቃና ዘገሊላ በኋላ ደጋሹ የሚያገኘው ሦስት እሑዶችን ብቻ ነው፤ እጅግ በዘገየበት ዓመት ግን ስምንት እሑዶች ይኖሩታል። ከሳምንቱ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናትም ሲታከሉ፣ በአንድ አጥቢያ ውስጥ ስንት ሠርግ በአንድ እሑድ ላይ እንደሚደራረብ አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል። የእድሩ ድንኳን አንድ ነው፤ ድስቱና ብርጭቆው አንድ ነው፤ የአጥቢያው ካህናትም እነዚያው ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ጾም የሌለባቸው ቢሆኑም፣ ያን ጊዜ ገበሬው ፊቱን ወደ እርሻው ያዞራል፤ ሰማዩም እንደ ጥር አይታመንም።

ሁለተኛው ምክንያት የታዳሚው ብዛት ነው። የከተማ ሰው የሠርግ ጥሪ ወረቀት አሳትሞ ቁጥሩን ሊወስን ይችል ይሆናል። በገጠሩ ግን የሚጠራው ሰው ዝርዝር ከድግሱ ከብዙ ዓመት በፊት ተጽፎ ያለቀ ነው። የጽዋ ማኅበርተኛ አለ፤ የሰንበቴ ባልደረባ አለ፤ የክርስትና አባትና አበልጅ አለ፤ በደቦ አብሮ ያጨደ፣ በሐዘን ጊዜ አስከሬን የተሸከመ ጎረቤት አለ። ከእነዚህ አንዱን መተው የአንድ ቀን ስሕተት ሆኖ አይቀርም፤ እስከ ልጅ ልጅ ቂም ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ተጠርቶ መጥቶ መቀመጫ አጥቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ካልተጠራው ይልቅ ይከፋል።

ስለዚህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከሠርጉ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ተሰብስበው ቦታ ያያሉ። የቦታ መረጣው በቤት ማማር ወይም በዕይታ የሚወሰን አይደለም። ፊተኛው ነገር ሜዳነት ነው፤ ያጋደለ መሬት ላይ የተጣለ ዳስ ውስጥ አግዳሚው አይቀመጥም፤ ጋኑም ይንከባለላል። ቀጥሎ የውኃ ነገር ይታያል። ጠላው ከሠርጉ ቀናት አስቀድሞ ስለሚጠመቅ ከምንጭ የራቀ ዳስ የሴቶቹን ወገብ ይሰብራል። ይህን የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ እናቶች ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ደግሞ ስለ በቅሎ ማሰሪያ፣ በአሁኑ ጊዜም ስለ መኪና ማቆሚያ ይከራከራሉ። በዚህ ክርክር የእናቶቹ ቃል ቢጸና ይሻላል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ነው፤ በቅሎ የትም ትታሰራለች።

ነፋሱም የሚረሳ አይደለም። ጥር ደረቅና ነፋሻ ወር ነው፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ላለው የእስቴ ደጋ ደግሞ ብርዱም ይታከልበታል። ዳስ ማለት ባላ ተተክሎ፣ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተጋድሞ፣ ርብራብ ተረብርቦ፣ ቅጠል የሚለብስ ነገር ነው፤ ወለሉ ደግሞ ሣር ይጎዘጎዝበታል። ቅጠሉ በሦስተኛው ቀን ይደርቃል። ወጡ የሚሠራበት የእሳት ቦታ ነፋስ ወደ ዳሱ በሚነፍስበት ወገን ከሆነ አንዲት ፍንጣሪ ሠርጉን ወደ ሐዘን ልትለውጠው ትችላለች። በዛሬው ጊዜ ቅጠሉን የተካው ላስቲክና ሸራም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነጻ አይደለም፤ እንዲያውም ላስቲክ እየቀለጠ በሰው ላይ ይንጠባጠባል። በችኮላ የተዘረጋ የመብራት ገመድ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይከፋል። ስለሆነም የእሳቱ ቦታ ነፋሱ ከዳሱ ወደ እሳቱ በሚሄድበት ወገን፣ ራቅ ብሎ እንዲሆን፣ ዳሱም ከአንድ በላይ መውጫ እንዲኖረው፣ በየማዕዘኑም በውኃ የተሞላ እንስራ እንዲቀመጥ ማድረግ ይበጃል።

በጥር ወር ገበሬው ሳይቸገር የሚያገኘው ሜዳ አውድማው ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ አውድማው ደልዳላ፣ የተለቀለቀና አቧራ የማያስነሳ ሆኖ ይገኛል። እህሉ ገና ካልገባ ግን አይነካም። በአጠገቡ ያልታጨደ ጓያ ወይም ሽምብራ ካለም የባለ ማሳውን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ የእንግዳ በቅሎ የጎረቤትን ማሳ ስትበላ ያደረች እንደሆነ የሠርጉ ማግሥት በሽምግልና ያልፋል።

ታቦታት የሚያድሩበት የጥምቀተ ባሕር ሜዳስ? በብዙ ቦታ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የሚበቃ ሰፊ ሜዳ እርሱ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ይነሳል። ሆኖም ቦታው የተቀደሰ በመሆኑ መጠጥና ዘፈን ያለበት ድግስ አይደገስበትም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። በአግዳሚ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ክንድ፣ ይኸውም ግማሽ ሜትር ያህል፣ ያስፈልገዋል። ርዝመቱ 40 ክንድ የሆነ ዳስ በአንድ ረድፍ 40 ሰው፣ በአራት ረድፍ 160 ሰው ይይዛል። ከዚህ ላይ የሙሽሮቹና የሚዜዎቹ ቦታ፣ በሩና አሳላፊዎች የሚተላለፉበት መንገድ ሲቀነስ ወደ 140 ይወርዳል። 600 ሰው የጠራ ደጋሽ እንግዲህ ከአራት ዙር በላይ ማብላት አለበት። አንዱ ዙር አንድ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ ከቀትር የጀመረው ግብዣ እስከ ማታ ይዘልቃል። ለዚህ መድኃኒቱ ዳሱን እጥፍ ማድረግ ብቻ አይደለም። ተራ የሚጠብቀው ሰው የሚያርፍበት ጥላ ከዳሱ ውጭ ማዘጋጀትና ለእርሱም ጠላ ማውጣት ይቻላል። ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ከሩቅ የመጡት በመጀመሪያው ዙር ይገባሉ፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ይቆያል።

በዙር ማብላት ደግሞ ከድህነት የመጣ ልማድ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ በሚገኘው ታላቁ ቤተ መንግሥት ባሠሩት የግብር አዳራሽ ውስጥ መኳንንቱ ቀድመው ይመገቡ ነበር፤ ከዚያም መጋረጃው ተገልጦ ወታደሩ በየተራ ይገባ ነበር። በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚመገበው በዚህ ዘዴ ነው። ያ አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው የአንድነት ፓርክ ውስጥ ታድሶ ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል፤ ልጁን የሚድር ሰው ቢያየው ዳሱ ባለመስፋቱ አያፍርም።

ስለ አዳራሽ ካነሳን፣ በከተማ የሚኖሩ ልጆች ሠርጉ በኪራይ አዳራሽ ወይም በሆቴል እንዲሆን የሚጠይቁበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል። አዳራሽ ከዝናብና ከነፋስ ይጠብቃል፤ መብራትና መጸዳጃ ቤት አለው፤ ባልና ሚስቱም በማግሥቱ ዳስ ሲያፈርሱ አይውሉም። ችግሩ ግን አዳራሽ ቁጥር ያውቃል። በ300 ሰው ሒሳብ የተከራየ ቤተሰብ 301ኛውን ሰው በር ላይ ምን ይለዋል? ከገጠር ቀበሌ በእግሩ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ አጎት የጥሪ ወረቀት ሲጠየቅ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። ብዙ እናቶች «ዳሱ ከደጃችን ካልተጣለ ሠርጉ የእኛ ነው ማን ይለዋል?» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች የሚያደርጉት መልካም ነገር አለ፤ ዋናውን ግብዣ በደጃፋቸው ዳስ ያደርጉና መልሱን በከተማ አዳራሽ ለጥቂት ሰው ያዘጋጃሉ። ሁለቱንም ታላቅ ለማድረግ ሲሉ በሬ ሸጠው፣ ገንዘብ በአራጣ ተበድረው፣ ልጆቹ ጎጆ ከወጡ በኋላ ዕዳ ሲከፍሉ የሚኖሩ ግን ጥቂቶች አይደሉም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባ ሲከለከል ጥንዶች በቤተ ዘመድ ብቻ ታጅበው ተጋብተዋል። ትዳራቸው በሰው ማነስ አልፈረሰም።

ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮች ደግሞ ሌላ የሚያስቡት አለ። በቅዳሴው ሥጋውንና ደሙን ተቀብለው የሚወጡት ጾማቸውን ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ዳሱ ያለው መንገድ ረጅም መሆን የለበትም። ቄሰ ገበዙን አማክሮ ሰዓቱን ማወቅ፣ ሙሽሮቹ ሲመጡ በጭፈራ የሚወጠሩበት ሳይሆን አረፍ የሚሉበት ጸጥ ያለ ክፍል ከዳሱ ለይቶ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ስለ ዳስ ሲወራ ግን ዝም ተብሎ የማይታለፍ አንድ ነገር ቀርቷል። ዳስ ብዙ ወጪ ስላለው «አንዴ ከተጣለ ታናሿንም አብረን እንዳራት» የሚል ሐሳብ የሚመጣበት ቤት አለ። ታላቂቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ስትዳር፣ ገና ከትምህርት ገበታ ላይ ያለችው ታናሽ እኅቷ በዚያው ጠላና በዚያው ወጥ ትዳራለች። በጎንደርና በጎጃም ገጠሮች በዚህ መንገድ ስንት ሕፃናት እንደተዳሩ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሚደረግ ጋብቻን ይከለክላል። ያለ ሁለቱ ሙሽሮች ፈቃድ የሚደረግን ጋብቻ ቤተ ክርስቲያንም አትባርክም። ዳሱን ለማየት የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች የመሬቱን ሜዳነት ከመጠየቃቸው በፊት በዚህ ዳስ የምትቀመጠው ማን እንደሆነች፣ ዕድሜዋም ስንት እንደሆነ ቢጠይቁ ማንም አይቀየማቸውም። የሚቀየም ካለም፣ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው እርሱ ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሰኞ ጠዋት ጎረምሶቹ ይመጣሉ። ቅጠሉ ለከብት ይሰጣል፤ ባላውና አግዳሚው እየታየ ለየባለቤቱ ይመለሳል፤ የጎደለ ዋንጫ ይቆጠራል። የእድሩ ድንኳን ግን ሳያድር ተጠቅልሎ በአህያ ይጫናል፤ ከወንዝ ማዶ ለሚመጣው እሑድ የሚጠብቀው ሌላ ደጋሽ አለና።