የጉልበት ዋጋ

አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ማታ የሚካሄድ የዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት) ፍልሚያ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚደርሰው እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ነው። የላንቴንና የጫኖን ሙዝ የጫኑት አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ በሚያቀኑበት ሰዓት፣ አንድ የማውቀው የባጃጅ ሹፌር መሪው ላይ ተደግፎ ስልኩን ያያል። ባለፈው ሰሞን ወደ ሴቻ ሲያወጣኝ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ስወጣ 64 ኪሎ ነኝ። ትንሽ ብቀንስ ባንታም እገባለሁ። እዚያ ብደርስ ስንት ይከፈለኛል?»

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው ፀብ ሲያበርዱ አገር ካየው ከጋሞ ምድር፣ ልጁ በድብድብ እንጀራ መብላት ማሰቡ ፈገግ አሰኝቶኝ ነበር። ጥያቄው ግን የዋጋ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ዓምድ ሥራም ዋጋ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሚዛኑን እናስተካክል። በዩኤፍሲ የባንታም ሚዛን ጣሪያ 61.2 ኪሎ ነው። እዚያ የሚፋለሙት ሰዎች ግን በዘወትር ኑሯቸው 61 ኪሎ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከዚያ ብዙ ኪሎ ከፍ ይላሉ። በመጨረሻው ሳምንት ውኃቸውን በላብ አስወጥተው፣ በፍልሚያው ዋዜማ ተመዝነው፣ በማግስቱ መልሰው ሞልተው ይገባሉ። ስለዚህ በቁሙ 64 ኪሎ የሆነው ወዳጄ የሚገጥመው ከእሱ የገዘፈ ሰው ነው። ሲንጋፖር የሚገኘው ዋን ቻምፒዮንሺፕ ደግሞ በ2015 አንድ ቻይናዊ ተፋላሚ ክብደት ሲቀንስ ከሞተ በኋላ በውኃ መቀነስን ከልክሏል። እዚያ የባንታም ጣሪያ 65.8 ኪሎ በመሆኑ ልጁ ያለ አንዳች ጾም ባንታም ነው። አንዱ ሰውነት በሁለት ገበያ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ደመወዙ። በቅርብ ዓመታት አዲስ የዩኤፍሲ ተፋላሚ በተለምዶ የሚፈርመው ለመግባቱ ከ10 እስከ 12 ሺህ ዶላር፣ ካሸነፈ ደግሞ ያንኑ ያህል ተጨማሪ የሚያስገኝ ውል ነው። ከ2015 ወዲህ ሜዳው ውስጥ የራሱን ስፖንሰር ማስተዋወቅ ስለማይችል፣ የድርጅቱን ትጥቅ በመልበሱ ብቻ ይከፈለዋል፤ በ2021 በወጣው ተመን ለጀማሪው 4 ሺህ ዶላር፣ ለሻምፒዮኑ 42 ሺህ ነበር። እንግዲህ ልጃችን በዓመት ሁለት ጊዜ ተፋልሞ አንዱን አሸነፈ፣ አንዱን ተሸነፈ እንበል። ያሸነፈበት 28 ሺህ፣ የተሸነፈበት 16 ሺህ፣ ድምሩ 44 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከ36 ሺሁ የፍልሚያ ክፍያ ለወኪሉና ለአሠልጣኙ 20 በመቶ ቢወጣ 7,200 ይቀነሳል። አሜሪካ የግብር ስምምነት ካልተዋዋለችው አገር የመጣ ስፖርተኛ ከጥቅል ክፍያው 30 በመቶ ግብር ስለሚቆረጥበት 13,200 ሌላ ይሄዳል። የቀረው 23,600 ዶላር ነው።

ዶላሩን በ150 ብር ብንመነዝረው ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ነው፤ ሲቀላ ላይ ሆኖ ለሚሰማው ጆሮ ይጣፍጣል። ችግሩ ገንዘቡ የሚወጣው ሲቀላ አለመሆኑ ነው። የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የልምምድ አጋሩ፣ የዓይንና የአንጎል ምርመራው ሁሉ በዶላር ይከፈላል፤ ለአንድ ፍልሚያ የሚደረገው ዝግጅት ደግሞ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ተፋላሚው ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን የቻለ ተቋራጭ ነው ስለሚባል ወርኃዊ ደመወዝም ጡረታም የለውም። ካልተፋለመ አይከፈለውም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የዶሚኒክ ክሩዝን ያህል የሚያሳይ የለም። ክሩዝ የዩኤፍሲ የመጀመሪያው የባንታም ሻምፒዮን ነው። ቀበቶውን መጀመሪያ ያገኘው ግን ደብልዩኢሲ በሚባል አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ ያኔ ዩኤፍሲ ባንታምን አያፋልምም ነበር። ሁለቱ ድርጅቶች ሲዋሐዱ፣ በዲሴምበር 2010 ስኮት ጆርገንሰንን ያሸነፈባት ሌሊት ማዕረጉን ወደ ትልቁ ቤት ይዛለት ገባች። በ2011 ዩራያ ፌበርን፣ ቀጥሎም በኦክቶበር ዲሜትሪየስ ጆንሰንን ረታ። ዕድሜው 26፣ ቀበቶው ወገቡ ላይ፣ ገበያው ደግሞ እየሰፋ ነበር።

ከዚያ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ የተተካው ጅማት አልያዘም፣ እንደገና ተቀደደ። በ2014 መጀመሪያ ሌላ ጉዳት ሲጨመርበት ቀበቶውን ያለ ፍልሚያ ተነጠቀ። በሴፕቴምበር 2014 ተመልሶ ጃፓናዊውን ታኬያ ሚዙጋኪን በ61 ሰከንድ ዘረረው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው የሌላኛው እግሩ ጉልበት ተራውን ተበጠሰ። ከኦክቶበር 2011 እስከ ጃንዋሪ 2016 ባሉት ከአራት ዓመት በላይ በሆኑ ጊዜያት ውስጥ ይህ ሰው ሜዳ ላይ የሠራው 61 ሰከንድ ብቻ ነው። ተመልሶ ቲጄ ዲላሾን በማሸነፍ ቀበቶውን መውሰዱ የስፖርት ተአምር ሊባል ይችላል። በሒሳብ ዓይን ግን ሰውየው አንድ ተፋላሚ ካሉት ምርጥ ዓመታት አብዛኞቹን ያለ ሽያጭ አሳልፏል። ያኖረው በቴሌቪዥን ተንታኝነት ያገኘው ሥራ ነበር። ዩኤፍሲ ከ2011 ጀምሮ በልምምድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናን የሚሸፍን መድን ገብቷል፤ መድኑ ግን ቀዶ ጥገናውን እንጂ የጠፋውን ገቢ አይከፍልም። ክሩዝ በ2025 መጀመሪያ ትከሻው ተጎድቶ ሊያደርገው የነበረውን ፍልሚያ ሰርዞ ጡረታ ወጣ። በሙያ ዘመኑ 24 አሸንፎ 4 ጊዜ ተሸንፏል።

አማርኛችን የሚበጠሰውንም የሚሸጠውንም ጉልበት ብሎ ሲጠራ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አላስፈለገውም።

ታዲያ ሻምፒዮን የሚባለው እንዲህ ከሆነ፣ ጀማሪው 12 ሺህ ላይ የቆመው ለምንድን ነው? የገንዘብ እጥረት አይደለም። ዩኤፍሲ በ2024 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቷል። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከሊጋቸው ገቢ ግማሽ ያህሉን ሲወስዱ፣ የዩኤፍሲ ተፋላሚዎች ድርሻ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ በወጡት ሰነዶች መሠረት ከአንድ አምስተኛ የሚበልጥ አይደለም። ልዩነቱ የሚመነጨው ከገዢው ቁጥር ነው። ዙፋ የተባለው ኩባንያ ዩኤፍሲን በ2001 በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2006 ደብልዩኢሲን፣ በ2007 የጃፓኑን ፕራይድን፣ በ2011 ስትራይክፎርስን ጠቀለለ። ተፎካካሪ ገዢዎች አንድ በአንድ ከገበያው ሲወጡ ሻጩ ተፋላሚ የሚሄድበት በር እያነሰ ሄደ፤ በ2016 ዩኤፍሲ የተሸጠው በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ሞኖፕሶኒ ይሉታል፦ ብዙ ሻጭ፣ አንድ ገዢ። ለኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ2019 የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወስኑ፣ ብዙዎቹ ገዢዎች እንደ አንድ ገዢ ለመሆን ተስማሙ ማለት ነው። ተጫዋቹ ከአርባ ምንጭ ከተማ ተነስቶ የትም ቢሄድ የሚጠብቀው ጣሪያ አንድ ነበር።

ለሲቀላ ሰው ግን የቅርቡ ምሳሌ ሙዝ ነው። የላንቴ ገበሬ ሙዙን ከቆረጠ በኋላ ቆሞ የሚደራደርበት ጊዜ የለውም፤ ሙዙ ይበስላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም፤ ዋጋውም ማሳው ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ይቆረጣል። የተፋላሚ ገላም እንዲሁ ነው። ዘንድሮ ያልተሸጠ የ26 ዓመት ጉልበት ለከርሞ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም። ንጽጽሩ የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ ገበሬው ከተከፋ ለሶዶም ለሐዋሳም ነጋዴ ሊሸጥ፣ ሌላው ቢቀር ሲቀላ ገበያ ላይ ራሱ ሊቸረችር ይችላል። በኅብረት ሥራ ማኅበር የመደራጀት ልምድም አለው። ተፋላሚዎቹ በ2016 መጨረሻ ዲላሾን ጨምሮ አምስት ስመ ጥሮች ፊት ሆነው ማኅበር ለማቋቋም ሞክረው ነበር፤ ሳይቆይ ከሰመ። በ2014 የተጀመረው የፀረ ሞኖፖሊ ክስ በበኩሉ አሥር ዓመት ፈጅቶ፣ ዳኛው የመጀመሪያውን የ335 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አልቀበልም ካሉ በኋላ፣ በ2025 በ375 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። ለድሮዎቹ ተፋላሚዎች ደህና ገንዘብ ነው፤ የገዢውን ቁጥር ግን አልጨመረም።

ልጁ ይህን ስነግረው «ሜራብስ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ጆርጂያዊው ሜራብ ድቫሊሽቪሊ አለ። ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በግንባታ የቀን ሥራ እየኖረ ሠለጠነ። በዩኤፍሲ የመጀመሪያ ሁለት ፍልሚያዎቹን ተሸነፈ፤ ከዚያ ሳይሸነፍ ሄዶ በሴፕቴምበር 2024 ሾን ኦማሊን ረትቶ የባንታም ቀበቶን ወሰደ፣ በ2025 ሦስት ጊዜ አስጠበቀው፣ በዲሴምበር ለፒዮትር ያን አስረከበው። ያች ሦስተኛ ዕድል ባትሰጠው ኖሮ ስሙን የምናውቀው አይመስለኝም። ገበያው የተሠራው እንደ ሎተሪ ነው፤ የአንድ ሰው ዕጣ ሲወጣ ብዙዎች በርካሽ እየተፋለሙ ይጠብቃሉ።

እኔ ከሜራብ ይልቅ ትኩረት የምሰጠው ለቅርቡ ዜና ነው። በ2025 ፒኤፍኤል የተባለው ተፎካካሪ የአፍሪካ ሊግ ጀምሮ ከኬፕታውን ተነስቶ በጆሃንስበርግና በኪጋሊ አልፎ ኮቶኑ ላይ ጨርሷል፤ ባንታምም ከሚዛኖቹ አንዱ ነበር። ከፊት የቆመው በካሜሩን የአሸዋ ማውጫ ውስጥ እየሠራ ያደገው፣ ዩኤፍሲን በራሱ ፈቃድ ለቅቆ የወጣው ፍራንሲስ ንጋኑ ነበር። ኪጋሊ ከዩኤፍሲ መቀመጫ ከላስ ቬጋስ ትቀርባለች። ሁለተኛ ገዢ የአውሮፕላን ቲኬት ክፍያውን በማይበላበት ርቀት ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ገዢ ዋጋም ይነቃነቃል፤ ለዚህ ግን ሊጉ ጥቂት ዓመታት መቆየት አለበት።

ሴቻ ደርሰን ሒሳቡን ስከፍለው ልጁ ገና እያሰላሰለ ነበር። «ጋሼ፣ ገዢው አንድ ከሆነማ ወኪሉ ምን ስላፈላለገ ነው የሚቆርጠው?» አለኝ። በሩን ስለሚያውቀው ነው አልኩት። ወደ ሲቀላ የሚወርዱ ሦስት ተሳፋሪዎች አገኘና ሞተሩን አስነሳ።