ለጥም የተገባ ኢንሹራንስ

ለቢራ ብሎ አገር የሚያቋርጥ መንገደኛ ቤልጂየም ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ብራሰልስ ላይ ይቀራል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ቢወጣ ፓዮተንላንድ የሚባል ወጣ ገባ የእርሻ አገር ያገኛል፤ ሠዓሊው ፒተር ብሩገል በሸራው ያስቀረው ምድር ነው። እዚያ፣ ኤይዘሪንገን በምትባል ትንሽ መንደር፣ «ኢን ደ ፈርዜከሪንግ ቴገን ደ ኽሮተ ዶርስት» የሚል ረጅም ስም የተሸከመ መጠጥ ቤት አለ። «የታላቅ ጥም ኢንሹራንስ» እንደ ማለት ነው።

የሚከፈተው እሑድ እሑድና በቤተ ክርስቲያን በዓላት ብቻ ነው። ማክሰኞ የሄደ በሩን አይቶ ይመለሳል። ጎብኚ ለመሳብ የተፈጠረ ብልሃት ግን አይመስለኝም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከፊት ለፊቱ ነው፣ ከቅዳሴ የወጣ ሰው ደግሞ ጎሮሮው ይደርቃል። ቤቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። ለረጅም ዘመን ያስተናገዱት አዛውንት ባለቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲተዉት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ተረከቡትና የድሮ መልኩን ሳይነኩ አቆዩት።

የሚቀዳበት ላምቢክ የሚባል ቢራ ነው። ጠማቂው ብቅልና ያልበቀለ ስንዴ ቀላቅሎ ለሰዓታት ያፈላና ጭማቂውን ማታ ሰፊ ጠፍጣፋ ገንዳ ላይ ገልጦ ያሳድረዋል። እርሾ አይጨምርበትም፤ አየሩና የእንጨት በርሜሉ የያዙት ይበቃል። ጠላ የጠመቀ ሰው በዚህ አይገረምም። የበጋ አየር ስለሚያበላሸው የሚጠመቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። የሚገባበት የቢራ ጌሾም ዓመታት የቆየና ምሬቱ የወጣለት ነው፤ ሥራው መጠጡን ከብልሽት መጠበቅ ነው። ከዚያ በበርሜል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይተኛል።

ከበርሜል በቀጥታ የሚቀዳው ላምቢክ አረፋ የለውም ማለት ይቻላል። ወጣቱ ከአሮጌው ተደባልቆ በጠርሙስ እንደገና ሲፈላ ጎዝ ይሆናል፤ እሱ እንደ ሻምፓኝ ይፈነዳል። ጎምዛዛ ቼሪ የተነከረበት ደግሞ ክሪክ ነው። ቀድሞ መደባለቁን ብዙ የመንደር መጠጥ ቤቶች ራሳቸው በምድር ቤታቸው ይሠሩት ነበር፤ ፒልስነርና ጣፋጭ ቢራ ሲበረቱ ሙያው ተመናመነ። በብራሰልስ በ1900 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካንቲዮን ከተረፉት ጥቂት ጠማቂዎች አንዱ ነው። እኔ እንደማየው ግን ጠማቂው ብቻውን አይበቃም፤ ይህን መጠጥ ያተረፈው እንዲህ ያለ በልማዱ የጸና መጠጥ ቤትም ነው።

ለራቱ ቀዝቃዛ ቢራ የለመደ ሰው መጀመሪያ «ተበላሽቷል» ማለቱ አይቀርም፤ ይጎመዝዛል፣ የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታም አለው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳይቀምስ ግን አይፍረድ። ጠርሙሱ በቅርጫት ተጋድሞ ይቀርባል፣ አተላው እንዳይናወጥ፤ መቅዳትም በቀስታ ነው። ትልቁ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ስለሆነ ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ቀምሶ ይመለሳል፤ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ይሻላል።