ጆሮዬን ነው ያመመኝ ወይስ መንጋጋዬን?

ጆሮዬን አመመኝ ብሎ መጥቶ ጆሮው ጤነኛ የሚሆን ሰው ብዙ ነው። ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱና ዝጉ፤ ሲንቀሳቀስ የሚሰማችሁ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። ህመም ከሌለው ቀጭ ቀጭ ስላለ ብቻ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ካመመ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን (አንዱን ብቻ!) ከምግብ ጋር ለጥቂት ቀናት ይረዳል። ማስቲካው፣ ጫቱ፣ ቆሎው ሳይቆም ኪኒኑን ለሳምንታት መዋጥ ግን ትርፉ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችም፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት።

አፋችሁ አልከፈት ካለ ቶሎ ታዩ። ደረጃ ስትወጡ መንጋጋና ደረታችሁን አብሮ የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ፋርማሲ ሳይሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።