ዶሮ ማርባት ጀመራችሁ? ኩሱን ከልጆች አርቁ

ከውጫሌ ገበያ አራት ዶሮ ገዝቼ ሐይቅ ግቢዬ ውስጥ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ የሚያሳስበኝ ጭልፊት ብቻ አይደለም። ሰሞኑን ድክ ድክ የምትለው ልጄ ኩስ የነካ ጣቷን አፏ ውስጥ ስትከት አይቼ ደነገጥኩ።

ለምን? ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ኩሷ ውስጥ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ትኩሳት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይበልጥ ይጎዳሉ።

ምን አደረግን?
✅ ቆጡን ከቤት አውጥተን ለብቻው ሠራን
✅ ልጅቷ የምትጫወትበትን ቦታ አጠርን
✅ ዶሮ ወይም እንቁላል ከነካን በሳሙና እንታጠባለን
✅ እንቁላሉን አስኳሉ እስኪጠጥር እናበስላለን

ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ!

ዶሮ ለጀመረ ጎረቤታችሁ ሼር አድርጉለት።