የአባቶችን ሐሳብ በዘመኑ ማንበብ፦ ስለ ሁለቱ ሰንበታት የተደረገው ክርክር ምን ያስተምረናል?

በሰንበት ትምህርት ቤት ስናስተምር አንድ ወጣት «ቀዳሚት ሰንበትን ማክበራችሁ ከአይሁድ የተወሰደ ልማድ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ምን ብዬ ልመልስ?» ሲል ጠየቀን። «አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት ነው» አልነው። መልሱ እውነት ነው፤ ጠያቂውን ግን አላሳረፈውም። አባቶቻችን ሥርዓቱን በምን ምክንያትና በምን መከራ እንዳቆዩልን አልነገርነውምና። ይህ ጽሑፍ በዚያን ዕለት ያጎደልነውን ለመሙላት፣ በዚያውም የታሪክና የሐሳብ ጥናት ለዛሬ ምእመን የሚሰጠውን ጥቅም ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳብ ታሪክ ጥናት ስንል አንድ ትምህርት መቼ፣ በማን፣ ለማን፣ በየትኛው ጥያቄ ምክንያት እንደ ተነገረ መመርመር ማለታችን ነው። ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ቅዱስ መጽሐፍን ሲተረጉሙ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ጻፈ፣ ለመጻፍም ምን እንዳነሣሣው አስቀድመው ያትታሉ። ሙሴም እስራኤልን የቀደመውን ዘመን እንዲያስቡ፣ አባቶቻቸውንም እንዲጠይቁ አዟቸዋል (ዘዳ. 32፥7)። መጠየቅ ካለ ደግሞ መልሱን በትዕግሥት መስማት አለ።

ወደ ነገሩ እንመለስ። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት ሊከበሩ ይገባል ብለው ያስተምሩ ነበር። ከእስክንድርያ የሚሾሙት ጳጳሳት ግን ቀዳሚትን ማክበር የአይሁድን ሥርዓት መከተል መስሎ ስለሚታያቸው ይከለክሉ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዚህ ምክንያት አገራቸውን ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው በ1352 በአርማንያ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ከቤተ መንግሥትና ከጳጳሱ ርቀው፣ ከጳጳሱ እጅ ክህነት መቀበልን ትተው በየገዳማቸው ጸኑ።

በ1400 የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ዐፄ ዳዊት አደባባይ ተጠርተው ቀዳሚትን እንዲተዉ ተጠየቁ። እምቢ በማለታቸው በሐይቅ ለአራት ዓመታት ያህል ታሰሩ። በ1404 ግን ንጉሡ እንዲፈቱና እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ከዚያም ወዲህ ክርክሩ አልቆመም። የመጽሐፈ ምስጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሁለቱን ሰንበታት ክብር ደግፈው አስተማሩ። በመጨረሻም በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የሁለቱን ሰንበታት መከበር ተቀበሉ፤ ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው መለያየት እንዲህ ባለ ስምምነት ተዘጋ።

ይህን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ልናውቅ የቻልነው አባቶች ገድላቱንና መጻሕፍቱን በብራና ጽፈው ስላቆዩልን፣ ሊቃውንትም ቅጂዎችን አመሳክረው ስላሳተሙልን ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፈ ብርሃን በኮንቲ ሮሲኒና በላንፍራንኮ ሪቺ ታትሟል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 በእንግሊዝኛ በታተመው፣ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ በሚተርከው መጽሐፋቸው ይህን ክርክር ከዘመኑ ሁኔታ ጋር አገናኝተው አብራርተውታል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም ተነሥተው በአሜሪካ ሚኒሶታ የተቀመጡትን በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ሲመረምሩና ሲዘረዝሩ ኖረዋል።

እንግዲህ ከዚህ ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ፣ ለወጣቱ ጥያቄ መልስ እናገኛለን። ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚትን ያከበሩት አይሁድን ለመምሰል አልነበረም። ማስረጃቸው ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ እንዲሁም ሁለቱን ሰንበታት አክብሩ የሚሉት ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ነበሩ። የአንድን ሥርዓት ምክንያት ከባለቤቶቹ ቃል መስማት ሌላው ከውጭ ሆኖ ከሚሰጠው ስም ያድናል።

ሁለተኛ፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት መመዘንን እንማራለን። የእስክንድርያ ጳጳሳት የከለከሉት ሃይማኖትን በመጥላት ሳይሆን መንጋቸው ወደ አይሁድ ሥርዓት እንዳይመለስ በመስጋት ነበር። ይህን ስናውቅ አንዱን ወገን ቅዱስ፣ ሌላውን መናፍቅ እያሉ ታሪክን በሁለት ቃል መጨረስ ያሳፍረናል። ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች መካከል የሚታየው የስድብ ልውውጥ የሚበረታው፣ ሌላው ለምን እንዲህ አለ ብሎ የሚጠይቅ ሲጠፋ ነው።

ሦስተኛ፣ ከባዶ ትምክህት እንጠበቃለን። የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ የጠሩት ንጉሥ በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ጽኑ ቅጣት ማድረሳቸውም በመዛግብት ተጽፏል። መልካሙን ብቻ መርጦ መተረክ ለአባቶች ክብር አይጨምርም፤ ቅዱስ መጽሐፍም የዳዊትን በደል ከመዝሙሩ ጋር አቆይቶልናልና።

በእርግጥ ጥናት ሃይማኖትን አይተካም። ተመራማሪም ይሳሳታል፤ የመረጠው ምንጭና የተነሣበት ሐሳብ ዓይኑን ሊጋርደው ይችላል። ስለሆነም ምእመናን የምሁራንን ጽሑፍ ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ የተናገረው በየትኛው ምንጭ ተመርኩዞ ነው? ምንጩ ከነገሩ ዘመን ምን ያህል ይርቃል? የሌላውን ወገን ቃልስ ሰምቷል? እነዚህኑ ጥያቄዎች በስልካችን ለሚደርሱን፣ ባለቤታቸው ለማይታወቅ «የጥንት ብራና ምስጢሮች» ብናቀርብላቸው ብዙዎቹ ወዲያው ይወድቃሉ።

ያን ወጣት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስናገኘው የአቡነ ፊልጶስን እስራትና የደብረ ምጥማቅን ጉባኤ ነገርነው። በዝምታ ካዳመጠ በኋላ «ይህን ሁሉ መከራ የተቀበሉባት ቀን ናት ማለት ነው?» አለን። አዎን፣ ያቺው ናት። የፊታችን ቀዳሚት ስትመጣ ይህን እያሰብን እናክብራት።