ለሩጫ ውድድር በሚዘጋጁ ተማሪዎች ሥልጠና ውስጥ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ያለው ሥፍራ

መግቢያ

የትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድር ሲቃረብ የሯጮች ዝግጅት በአብዛኛው አንድ መልክ ብቻ ይይዛል፤ ይኸውም ማስሮጥ ነው። ተማሪዎቹ ከጧት ሰልፍ በፊት ይሮጣሉ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላም ይሮጣሉ፤ ውድድሩ በቀረበ መጠን ሩጫው እየበዛ ይሄዳል። ዕጩ መምህራንን በተግባር ልምምድ ላይ ለመከታተል ወደ ትምህርት ቤቶች በሄድን ቁጥር የዚህን አሠራር ውጤት እንመለከታለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰለፉት ልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉት አገዳቸውን ወይም ጉልበታቸውን እያመማቸው ከዳር ይቀመጣሉ። ከዳር የተቀመጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ተሰጥዎ የጐደለው ሳይሆን፣ ሰውነቱ ለተጫነበት ሥራ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ የሩጫ ዝግጅት አንድ አካል መሆኑን ማስረዳትና መሣሪያ በሌለው ትምህርት ቤት እንዴት በሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል ማመልከት ነው።

1. ጥንካሬ ለሯጭ የሚሰጠው ጥቅም

ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ መሬት ሲረግጥ እግሩ ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ይቀበላል። 45 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ በአንድ እግሩ ከ90 እስከ 135 ኪሎ ግራም የሚያህል ጫና ይሸከማል ማለት ነው። ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። የባት፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎች ይህን ጫና በሚገባ ካልተቀበሉት ሸክሙ ወደ አጥንትና ወደ መገጣጠሚያ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ጥቅም ጉልበትን መቈጠብ ነው። የተረከዝ ጅማት እግር ሲያርፍ ይለጠጣል፤ ሲነሣም ተመልሶ በመኰማተር ሯጩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ይህ እንደ ሞላ የሚሠራ አካል ጥቅም የሚሰጠው ባቱ ጠንካራ ሲሆን ነው። የደከመ ሯጭ ወገቡ ይጐብጣል፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በዚያው ፍጥነት ለመሮጥም የበለጠ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህንን ያስረዳል። በሚገባ የሠለጠኑ ሯጮች ለ9 ሳምንታት ከልምምድ ጊዜያቸው አንድ ሦስተኛ ያህሉን በዝላይ፣ በአጫጭር የፍጥነት ሩጫና በመሳሰሉት የጥንካሬ እንቅስቃሴዎች ተኩ። ጠቅላላ የልምምድ ጊዜያቸው ባይጨምርም የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። ከፍተኛው ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታቸው ግን አልጨመረም። መሻሻሉ የተገኘው በአነስተኛ ጉልበት መሮጥ በመቻላቸው ነው። ጥናቱ የተካሄደው በአዋቂዎች ላይ ስለሆነ መጠኑ ለተማሪዎች እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ለመምህሩ ይጠቅማል።

2. ሁለት የተለመዱ አስተሳሰቦች

የመጀመሪያው፣ የጥንካሬ ልምምድ የልጆችን ዕድገት ይገታል የሚለው ነው። በአግባቡ የተመጠነና መምህር የሚቈጣጠረው ልምምድ ቁመትን እንደሚገታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የዓለም የጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ሊፈራ የሚገባው ልምምዱ ሳይሆን መጠን ማጣቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ስመ ጥር ሯጮቻችን ያሸነፉት በመሮጥ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶኑን ውድድር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ፣ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ገና ሳይደርሱ በስታዲየሙ ሣር ላይ የሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ሲሠራ ዓለም ተመልክቶታል። ይህ ብቻውን የአሠለጣጠኑን ዝርዝር ባይነግረንም ሰውነትን በእንቅስቃሴ ማዘጋጀት ለሩጫ ልማዳችን እንግዳ አለመሆኑን ያስታውሰናል። በእንጦጦ አቀበት መሮጥም ራሱ የእግርን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለው ፍጻሜ የደከመ እግር አሁንም መሬትን በኃይል መግፋት መቻሉ ወሳኝ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቶቻችን የጐደለው ልማዱ ሳይሆን ዕቅዱ ነው ለማለት ይቻላል።

3. መሣሪያ የማይጠይቁ እንቅስቃሴዎች

የሚከተሉት ስድስት እንቅስቃሴዎች ሜዳ፣ ደረጃ፣ አግዳሚ ወንበርና ገመድ ባለበት ሁሉ ሊሠሩ ይችላሉ።

ሀ/ በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ኋላ በአንድ እግር ይሠራል። ከሁሉ በፊት ሊለመድ የሚገባው ይህ ነው።
ለ/ ጀርባን ሳያጐብጡ ቁጢጥ ብሎ መነሣት። መምህሩ ጉልበት ከእግር ጣቶች አቅጣጫ እንዳይወጣ ይቈጣጠር።
ሐ/ ጉልበት በማይበልጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በአንድ እግር መውጣትና በዝግታ መውረድ።
መ/ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ወደ ላይ ማንሣት።
ሠ/ በክንድና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ መቈየት።
ረ/ ገመድ መዝለል። ዝላዩ ዝቅተኛ፣ አስተራረፉም ድምፅ የሌለው መሆን አለበት።

4. የስምንት ሳምንት አከፋፈል

ልምምዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከ20 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይሰጣል። ለጡንቻ ማገገሚያ በመካከሉ ሁለት ቀን ያህል መኖር አለበት።

ከ1ኛው እስከ 2ኛው ሳምንት አሠራሩን ማስተማር ይቀድማል። ከሀ እስከ መ ያሉት በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ ለሁለት ዙር ይሠራሉ። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ድግግሞሹ ወደ 12፣ ዙሩ ወደ ሦስት ከፍ ይላል፤ ገመድ ዝላይም ይጨመራል። በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት ድግግሞሹ ይቀነስና በአንድ እግር የሚሠሩት ይበዛሉ፤ ከ60 እስከ 80 ሜትር በሚደርስ አቀበት ላይም ከ4 እስከ 6 ጊዜ በፍጥነት መሮጥ ይታከላል። በ8ኛው ሳምንት አንድ ቀላል ልምምድ ብቻ ተሰጥቶ ከውድድሩ በፊት ባሉት አራት ቀናት የጥንካሬ ሥራ ይቆማል። በመጨረሻው ሳምንት የሚጨመር ሥራ ድካምን እንጂ ጥንካሬን አያመጣም፤ ሰውነት ከልምምድ ተጠቃሚ የሚሆነው ሲያርፍ ነውና።

የጥንካሬው ልምምድ በሩጫው ላይ የሚደረብ ሳይሆን ከሩጫው ጊዜ ተቀንሶ የሚሰጥ መሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። በተጨናነቀ ክፍል መምህሩ ተማሪዎቹን በስድስት ቡድን ከፍሎ እንቅስቃሴዎቹን በየተራ ሊያዟዙራቸው ይችላል።

5. ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

መምህሩ የተማሪውን የቀን ውሎ ማወቅ አለበት። ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ለሚመጣ፣ በተለይም ውኃ ቀድታና እንጨት ተሸክማ ለምትመጣ ተማሪ፣ ያ ድካም ከልምምድ ሊቈጠርላት ይገባል። በጾም ወራት ሳይመገቡ ለሚውሉ ተማሪዎች ከባዱ ሥራ ይቀነሳል። ልምምድ በተደረገ ማግሥት የሚሰማ የጡንቻ መዛል የተለመደ ነው። ነገር ግን በአጥንት ላይ በአንድ ቦታ የሚሰማና በሩጫ የሚባባስ ሕመም የማቆሚያ ምልክት ስለሆነ፣ ተማሪው አርፎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት እንጂ በወኔ እንዲቀጥል ሊገፋፋ አይገባም።

6. ለዕቅድ አውጪዎች

ይህ አሠራር የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜና ሥልጠና ነው። አንደኛ፣ የውድድር ቀን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ለትምህርት ቤቶች ሊገለጽ ይገባል፤ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ የሚጠራ ውድድር መምህሩን ወደ ማስሮጥ ብቻ ይገፋዋል። ሁለተኛ፣ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት መምሪያዎች ውስጥ የሩጫና የጥንካሬ ልምምድ በተለያዩ ምዕራፎች ተነጣጥለው ከመቅረብ ይልቅ ቢያያዙ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ በኮሌጆች ዕጩ መምህራን እንቅስቃሴውን በቃል ከመግለጽ አልፈው ስሕተትን በዓይን ለይተው እንዲያርሙ ሊለማመዱ ይገባል።

መደምደሚያ

የትምህርት ቤት ውድድር የአንድን ትምህርት ቤት ስም የማስጠራት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ከታየ፣ ስምንት ልጆች ተጐድተው አንዱ ቢያሸንፍ እንደ ጥሩ ውጤት ይቈጠራል። በትምህርት ዓይን ሲታይ ግን መለኪያው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰለፉት ተማሪዎች ምን ያህሉ በስምንተኛው ሳምንት በጤና ከመነሻው መሥመር ላይ ቆሙ? ከውድድሩ በኋላስ ምን ያህሉ መሮጥ ይወዳሉ? በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ የ20 ደቂቃ ልምምድ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠውን መልስ ማሻሻል ይችላል።