የማይቆመው ሰዓት፤ «ሪስክ ኦፍ ሬይን» ስለሚባለው ጨዋታ የተጫዋቾች ፍርድ

ማናቸውም የእጅ ሥራ ሁለት ዓይነት ዳኞች አሉት። አንደኛው ሥራውን ከውጭ አይቶ የሚፈርድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ገንዘቡንና ጊዜውን ከፍሎ በሥራው የተገለገለበት ነው። በኮምፒዩተር ጨዋታ ነገር የሁለተኛው ዳኛ ቃል ይበልጥ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ጨዋታ ከዳር ቆመው ሲመለከቱት ሌላ፣ እጅን አስገብተው ሲሞክሩት ሌላ ነውና። ስለዚህ ከወላጆች ብዙዎቹ ጩኸቱን ብቻ ከሚሰሙት ከዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አንዱን መርጠን፣ የሚጫወቱት ሰዎች ራሳቸው የሚሉትን ለውድ አንባቢያን እናቀርባለን።

የጨዋታው ስም «ሪስክ ኦፍ ሬይን» ነው፤ በአማርኛ «የዝናብ ሥጋት» እንደ ማለት ይሆናል። የፈጠሩት በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ወጣቶች፣ ደንከን ድራመንድና ፖል ሞርስ ናቸው። ኪክስታርተር በሚባለው የሕዝብ መዋጮ መንገድ ገንዘብ አሰባስበው፣ ሆፑ ጌምስ በሚል ስም ሥራቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. አወጡ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዜማውን የደረሰው ክሪስ ክሪስቶዶሉ የተባለ ግሪካዊ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከምድር እጅግ በራቀ ዓለም ላይ ነው። ጭነት ይዞ በሕዋ ይጓዝ የነበረ መርከብ በአንዲት ፕላኔት ላይ ይከሰከሳል። ከጥፋቱ የተረፈው ሰው በየሥፍራው የተበተነውን ዕቃ እየሰበሰበ፣ ከሚከቡት ፍጥረቶች ጋር እየታገለ፣ ወደሚቀጥለው ሥፍራ የሚያሻግረውን መሣሪያ ይፈልጋል። ከሞተ የሰበሰበው ሁሉ ይቀርበታል፤ እንደገናም ባዶ እጁን ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሣጥኖቹ ቦታቸውን፣ በውስጣቸው ያለውም ዕቃ ዓይነቱን ለውጦ ይጠብቀዋል።

የዚህ አጨዋወት አባት «ሮግ» የሚባለው፣ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን በ1980 ዓ.ም. ገደማ በካሊፎርኒያ የሠሩት ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ዋሻውም ጭራቁም የሚታየው በፊደልና በምልክት ነበር። የእርሱን ፈለግ የተከተሉት ሁሉ እስከ ዛሬ «ሮግ መሰል» ይባላሉ። ይሁን እንጂ በአባትና በልጅ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ«ሮግ» ተጫዋቹ ካልተንቀሳቀሰ ጭራቁም አይንቀሳቀስም፤ ሰው የፈለገውን ያህል ተቀምጦ ሊያስብ ይችላል። በ«ሪስክ ኦፍ ሬይን» ግን ሰዓት ይቈጥራል፤ ደቂቃ ባለፈ ቍጥርም ጠላቶቹ ይበረታሉ። የችግሩ ደረጃ በጽሑፍ ይታያል፤ ከ«ቀላል» ተነሥቶ «ከባድ»፣ «እጅግ ከባድ» እያለ ይወጣና፣ በመጨረሻ የሚጨምረው ቃል ሲያጣ በዚያ ቦታ ሳቅ ብቻ ይጻፋል።

በዚህ ሰዓት ምክንያት ተጫዋቾቹ ተከፋፍለዋል። የአንደኛው ወገን ምክር «አትዘግይ» የሚል ነው። በአንድ ሥፍራ አምስት ደቂቃ ያህል ቈይቶ መሻገር ይገባል፤ ሣጥን ሁሉ ካልከፈትሁ የሚል ሰው ዕቃ ሲበዛለት የጠላቱም ኃይል አብሮ ይበዛበታል ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ባዶ እጁን የሮጠ ሰው ከፊቱ የሚጠብቀውን በምን ይቋቋመዋል ብሎ ይመልሳል። ሣጥኖቹን ሁሉ ከፍቶ መሄድ የጠፋውን ደቂቃ ይክሳል ባይ ነው። ሦስተኛም ወገን አለ፤ ይህኛው ስለ ብልሃቱ አይከራከርም፤ የሰዓቱን መኖር ራሱን ይጠላል እንጂ። ይህን ያህል የተደከመበትን ዓለም ቆም ብዬ ልመልከት፣ ዜማውን ልስማ ብል ጊዜ አይሰጠኝም ብሎ ያማርራል።

የእነዚህ የሦስተኞቹ አቤቱታ ቀላል አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ አለቃ ሲያቻኵለው የዋለ ሰው በጨዋታም ውስጥ ሌላ አለቃ ቢያገኝ ሊከፋው ይችላል። ሆኖም ሰዓቱ ቢነሣ ጨዋታው ጨው እንደሌለው ወጥ በሆነ ነበር፤ ሁሉን ለመሰብሰብ በቂ ጊዜ ያለው ሰው ምንን ትቶ ምንን እንደሚወስድ መምረጥ አያስፈልገውምና።

ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። በ2020 ዓ.ም. የተፈጸመው ሁለተኛው ክፍል እስከ አራት ሰዎች በያሉበት ሆነው አብረው የሚጫወቱት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ጨዋታውን ለጥቂት ጊዜ ሊያቆመው ይችላል፤ ከጓደኞቹ ጋር የገባ ግን ማቆም አይችልም። እንግዲህ ራት ቀርቦ ተጠርቶ «አንድ ጊዜ!» የሚል ልጅ ሁልጊዜ አይዋሽም፤ የሦስት ጓደኞቹ ዕድል በእጁ ላይ ነው። የሚሻለው ምግቡ ከቀረበ በኋላ መቈጣት ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን መነጋገር ነው።

ሌላው የክርክር ርእስ ዕድል ነው። በሁለተኛው ክፍል መነጽር የሆነ ዕቃ አለ፤ አንዱን ያገኘ ሰው ከመቶው ተኩሱ ዐሥሩ ያህል እጥፍ ይመታለታል፤ ዐሥር መነጽር ያከማቸ ሰው ደግሞ ተኩሱ ሁሉ እጥፍ ይሆንለታል። ደግሞ አንድ የብርጭቆ ዕቃ አለ፤ የተጫዋቹን የመምታት ኃይል እጥፍ አድርጎ ሕይወቱን በግማሽ ይቀንስበታል። ከሣጥኑ የሚወጣው ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የተሸነፉት «ዕድሌ ከፋ» ሲሉ፣ ልምድ ያላቸው «የያዝኸውን አላወቅህበትም» ይሏቸዋል። በገበጣ ጠጠሩ ለሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ስለሆነ ለተሸነፈ ሰው የሚያመካኝበት ዕድል አይቀርለትም፤ እዚህ ግን ማመካኛው በሣጥን ውስጥ ተቀምጦለታል። ዕቃውን እንደ ፈቃድ መርጦ ለመውሰድ የሚያስችል «ትእዛዝ» የሚባል አማራጭ ደንብም አለ። አንዳንዶቹ ይህ ደንብ ነፃነት ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ምሥጢሩ አስቀድሞ የተገለጠ ተረት ነው ይሉታል።

ከሁሉ የሚጠልቀው ግን ከሽንፈት በኋላ ምን ይተርፋል የሚለው ክርክር ነው። ከዚህ ወገን ከሆኑት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ለተሸነፈው ሰው ጥቂት ኃይል ይተዉለታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከበፊቱ በርትቶ ይጀምራል። በ«ሪስክ ኦፍ ሬይን» የሚተርፈው አዲስ ዓይነት ዕቃና አዲስ ዓይነት ተዋጊ ነው፤ ይህም ምርጫውን ያሰፋዋል እንጂ ጕልበት አይጨምርለትም። ስለዚህ ጨዋታውን የተዉት ሰዎች «ይህን ያህል ሰዓት ደክሜ በእጄ ምንም የለም» ይላሉ። የወደዱት ደግሞ የተረፈው እጁ ራሱ ነው ብለው ይመልሳሉ፤ ትናንት የገደለውን ጠላት ዛሬ ሲያመልጠው፣ የተለወጠው ጠላቱ ሳይሆን ሰውየው ነው ይላሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ሐዘን እውነተኛ መሆኑን አልክድም።

አንድ ትንሽ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ተጫዋቹ የሚሰበስባቸው ዕቃዎች ከወደቀው መርከብ የተበተኑ ጥቅሎች ናቸው። በጨዋታው መዝገብ ውስጥ ጥቅሉ የሚላክበት አድራሻና ይደርሳል ተብሎ የታሰበበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። ችኵል ተጫዋች ይህን አያነብም። ያነበቡት ግን፣ በሕይወት ለመቈየት የሚገለገሉበት ነገር ሁሉ ለሌላ ሰው የተላከ አደራ መሆኑን ሲያስተውሉ፣ ጨዋታው ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ እንደያዘባቸው ይናገራሉ።

አሁን ወደ ፍርዱ አደባባይ እንምጣ። ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫ ገዢው የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፤ «እመክራለሁ» ወይም «አልመክርም»። ከፍርዱ አጠገብ ፈራጁ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይጻፋል። የዚህ ሥርዓት ጠባይ በ2024 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ሆፑ ጌምስ በ2022 ዓ.ም. የጨዋታውን ባለቤትነት ጊርቦክስ ለሚባለው ኩባንያ ሸጦ ነበር። አዲሱ ባለቤት በ2024 ዓ.ም. ነሐሴ ወር «ሲከርስ ኦፍ ዘ ስቶርም» የተባለ ተጨማሪ ክፍል አወጣ። ከዚሁ ጋር በወጣው ለውጥ የጨዋታው እንቅስቃሴ ሥዕሉ በሰከንድ ከሚታደስበት ብዛት ጋር ተሳሰረ፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጨዋታ ኮምፒዩተሩ ፈጣን በሆነለት ሰው ቤትና ኮምፒዩተሩ አዝጋሚ በሆነበት ሰው ቤት ልዩ ልዩ ሆኖ ተገኘ። ጉዳቱ አዲሱን ክፍል ላልገዙትም ተረፈ።

ለተጨማሪው ክፍል ከተሰጡት ፍርዶች የሚበዙት «አልመክርም» የሚሉ ሆኑ። ይህን በሩቅ የተመለከተ ሰው ጨዋታው ተጠላ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ደቂቃና ምት የሚቈጥር ሰው ነው ሚዛኑ መናጋቱን ፈጥኖ የሚያውቀው፤ ከሰዓት ጋር የሚታገል ሰው ሰዓቱ በትክክል እንዲቈጥር ቢሻ ምን ያስደንቃል? ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ ማረሚያዎችን አከታትሎ አወጣ፤ ከዕቃዎቹም አንዳንዶቹን እንደገና ሠራቸው። ስቲም ለፈራጁ የጻፈውን ፍርድ ኋላ እንዲለውጥ ይፈቅድለታል፤ ሁሉም ሰው ግን ተመልሶ አይለውጠውም። ስለዚህ ለልጁ ጨዋታ የሚገዛ ወላጅ የፍርዱን ብዛት ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትን ቀንና የተጫወቱበትን ሰዓት አብሮ ቢመለከት ይበጀዋል። ሸቀጡ ካልተስማማውም፣ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት ያነሰ ተጫውተውበት ከሆነ ገንዘቡን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል።

ሁለቱ መሥራቾች ድራመንድና ሞርስ በዚያው በ2024 ዓ.ም. በመስከረም ወር ቫልቭ ወደሚባለው ኩባንያ ገብተዋል። ቫልቭ የስቲም ባለቤት ነው፤ ተጫዋቾቹ ስለ ቀድሞ ሥራቸው የሚከራከሩበት አደባባይም ያው እርሱ ነው።